ሰባ ሁለቱ ሰዓት ከየት ይቆጠራል?

ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው። በኮሮናው ጊዜ ግን ትኬት መቁረጡ ከሥራዬ ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ነበር። የሚደውልልኝ ሰው ስለ ዋጋም ስለ ሻንጣ ኪሎም መጠየቅ ትቶ ነበር። "እህቴ፣ መቼ ልመርመር?" ነበር ጥያቄው። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈራኝ ነበር። የሚሄዱበትን አገር፣ የሚያልፉበትን አገር፣ አውሮፕላኑ የሚነሣበትን ሰዓት፣ ትኬቱ አንድ ይሁን ሁለት፣ የምርመራውን ዓይነት፣ የልጆቹን ዕድሜ ሳይጠይቁ ትክክለኛ መልስ አይገኝም። ሁሉንም ጠይቄ የሰጠሁት መልስም ቢሆን የሚያገለግለው ደንቡ እስኪለወጥ ድረስ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሰው እየረሳው ስለመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ብሎ ያወጀው ጃንዋሪ 30፣ 2020 ነበር፤ አደጋነቱ አብቅቷል ያለው ደግሞ ሜይ 5፣ 2023 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድንበር ተሻግሮ የሄደ ብዙ ሰው ከፓስፖርቱ ጋር አንድ የምርመራ ወረቀት ይዞ ነበር። ምርመራውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። አስፈላጊ እንደነበር አምናለሁ። የሚቆጨኝ ደንቡ የተጻፈበትና የተለወጠበት መንገድ ነው፤ እሱ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ አስለቅሷል።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው ያሰናከለው የጊዜው አቆጣጠር ነው። ካናዳ ከጃንዋሪ 7፣ 2021 ጀምሮ በአየር ከሚገቡ መንገደኞች በ72 ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ውጤት መጠየቅ ጀመረች። አሜሪካ ከጃንዋሪ 26 ጀምሮ 3 ቀን አለች። ሦስት ቀን ሰባ ሁለት ሰዓት ነው፣ ምን ልዩነት አለው ይላል ሰው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። አውሮፕላኑ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይነሣል እንበል። በ72 ሰዓት ደንብ ናሙናው መወሰድ ያለበት ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ወዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተመረመረ ሰው ወረቀቱ 77 ሰዓት ሆኖታልና አይሳፈርም። በ3 ቀን ደንብ ግን ይኸው ሰው ያልፋል፤ ሐሙስ በማንኛውም ሰዓት ይመርመር፣ እሑድ በማንኛውም ሰዓት ይብረር፣ ቀኑ ብቻ ነው የሚታየው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሰዓት ትቶ ቀን የመረጠው ሆን ብሎ፣ ለተጓዡ እንዲቀለው እንደሆነ ገልጾ ነበር። በዚያ ዘመን ከወጡት ደንቦች ሁሉ ተጓዡን አስቦ የተጻፈ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ነው። በረራው ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ቀኑ እስካልተለወጠ ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከየትኛው በረራ ነው የሚቆጠረው የሚለው ነው። ሦስት አውሮፕላን ለሚቀያይር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ የምትቆጥረው ከመጀመሪያው በረራ ነበር። ይህም የሚሆነው ጉዞው በሙሉ በአንድ ቡኪንግ ከተያዘና በየመካከሉ ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ ነው። ካናዳ ደግሞ የምትቆጥረው በቀጥታ ወደ ካናዳ ከሚገባው ከመጨረሻው በረራ፣ በፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈው የመነሻ ሰዓት ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ቅዳሜ ማታ ተነሥቶ፣ ሌላ አገር አድሮ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ቶሮንቶ የሚበር ከሆነ የቅዳሜው በረራ ለሒሳቡ ምንም አይጠቅመውም። ከእሑዱ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው።

ልክ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የነበራቸው አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ቀዶ ሕክምና ነበረባት፤ ሊያስታምሟት ነው የሚሄዱት። የጉዞ ፕሮግራሙን ገልብጬ ከጀርባው ላይ መስመር አሰመርኩና ከታች ወደ ላይ እየቆጠርኩ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና፣ "ልጄ፣ እኔ ይሄን አልይዘውም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ጻፊልኝ" አሉኝ። "ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፤ ከዚያ በፊት ናሙና አይስጡ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩላቸው። ሐሙስ ዕለት ምርመራው ቦታ ቀደም ብለው ደርሰው ኖሮ፣ ወረፋ ስለሌለ አሁኑኑ ይግቡ ተባሉ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አውጥተው አሳዩና ሰዓቱ እስኪደርስ ቁጭ አሉ። ናሙና የምትወስደው ልጅ ገርሟት በእሳቸው ስልክ ደወለችልኝ። ነገሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ "እስከ ዛሬ ስንቱን በጠዋት መርምሬ ሰድጄዋለሁ" አለችኝ። በጠዋት መመርመሩ ጥፋት አልነበረም። ብዙውን ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል። የማን መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ግን መርማሪው ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ የተነሣ ሰዎችን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ትኬት ለየብቻ እንዳይገዙ። ለየብቻ የተገዛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ግን ሁለተኛው ትኬት ራሱን የቻለ ጉዞ ነውና የመጀመሪያው በረራ የሚባለውም ይለወጣል፣ መካከል ላይ ያለው አገርም እንደ ትራንዚት ተሳፋሪ ላያያችሁ ይችላል። ሻንጣ ለማውጣት ኢሚግሬሽን ማለፍ ካለባችሁ ደግሞ የዚያን አገር የመግቢያ ደንብ ማሟላት ይመጣል።

የምርመራው ዓይነት ሌላ ጣጣ ነበር። ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልግ ነው፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ሰዓታትም ይወስዳል። አንቲጂን የሚባለው የቫይረሱን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ በሩብ ሰዓት ግድም ይደርሳል፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ቫይረስ ጥቂት ሲሆን ግን ሊያመልጠው ይችላል። አሜሪካ ሁለቱንም ትቀበል ነበር። ካናዳ አንቲጂንን የተቀበለችው ከፌብሩዋሪ 28፣ 2022 ወዲህ ነው፤ እሱም ከበረራው በፊት ባለው ቀን የተወሰደ ከሆነ። እንግሊዝ ደግሞ የምርመራውን ስም ትታ ብቃቱን በቁጥር አስቀመጠች፤ ነጻ የሆነውን ነጻ የማለት ችሎታው (ስፔሲፊሲቲ የሚሉት) ቢያንስ 97 በመቶ፣ የተያዘውን የማግኘት ችሎታው ቢያንስ 80 በመቶ ይሁን አለች። ለሳይንቲስት ይህ ጥሩ አጻጻፍ ነው። በየሠፈሩ ለሚመረመር ሰው ግን መርማሪውን "የመሣሪያህ ስፔሲፊሲቲ ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅ ማለት ነው። የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ቻይና የተለየች ነበረች። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ፒሲአር ብቻ ሳይሆን አይጂኤም የተባለውን የደም ምርመራም ጭምር ትጠይቅ ነበር፤ ሁለቱም ከመሳፈር በፊት ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ፣ ውጤቱም ለኤምባሲው ተልኮ መሳፈር የሚያስችለው አረንጓዴ ኮድ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። የአይጂኤም ምርመራ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል ያመረተውን ነው። በነዚያ 48 ሰዓታት ውስጥ ተመርምሮ፣ ውጤት ተቀብሎ፣ ሰነድ ጭኖ፣ ኮድ ጠብቆ አውሮፕላን ላይ መውጣት አለ። ነጋዴዎቹ ደንበኞቼ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ ዓይኔን ጥዬ የማየው አንድ መስመር ነበር፤ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት። ብዙ ላቦራቶሪ ጎላ አድርጎ የሚጽፈው ውጤቱ የወጣበትን ቀን ነው። እሱ ለማንም አይጠቅምም፤ ደንቡ የሚቆጥረው እንጨቷ አፍንጫ ከገባችበት ሰዓት ነው። ቀጥሎ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል እንደሆነ፣ የፓስፖርት ቁጥሩና የትውልድ ቀኑ አለ ወይ፣ የምርመራው ዓይነት በግልጽ ተጽፏል ወይ። ቀኑም በቁጥር ብቻ ከሆነ አስተካክሉልን በሉ እላቸው ነበር፤ 03/04 ለአንዱ አገር ማርች 4 ነው፣ ለሌላው ኤፕሪል 3። የወሩ ስም በፊደል ሲጻፍ የሚከራከር የለም። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ኮፒ አትሙት፣ በስልካችሁም ፎቶ ይኑር። ስልክ ባትሪ ጨርሶ ኪውአር ኮዱ ጠፍቶ ወረፋ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማየት በጣም ያሳዝናል።

ስለ ታመሙና ስለ ዳኑ ሰዎች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነበር። አንድ ሰው ከበሽታው ድኖ፣ ማንንም የማያስይዝ ሆኖ ሳለ ፒሲአሩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ የሞተው ቫይረስ ቅሪት እየተገኘ ነው። ለትምህርት የሚሄድ አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖበት በየሳምንቱ እየተመረመረ፣ በየሳምንቱ ፖዘቲቭ እየተባለ ወደ እኔ መጣ። "አልቆልኛል፣ ትምህርቱ ተጀመረ" አለ። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ወረቀት የታለ አልኩት። ተናድጄ ጣልኩት አለኝ። ልክ እሷ ናት የምታሳልፈው! አሜሪካ በ90 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፖዘቲቭ ውጤትን ከሐኪም የማገገሚያ ደብዳቤ ጋር ትቀበል ነበር። ካናዳም ቢያንስ 14 ቀን ያለፈውን ፖዘቲቭ ውጤት ትቀበል ነበር፤ መጀመሪያ እስከ 90 ቀን፣ በኋላ እስከ 180 ቀን። ልጁ ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ የመዝገቡን ቅጂ አስወጣና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰው ፖዘቲቭ የተባላችሁበትን ወረቀት አትጣሉ እያልኩ እናገር ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ኖቬምበር 24፣ 2021 ደቡብ አፍሪካ ስለ አዲሱ የቫይረሱ ዝርያ ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቀች። ድርጅቱ በሁለተኛው ቀን ኦሚክሮን ብሎ አሳሳቢ ከሚባሉት ዝርያዎች መደበው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት በሥራ ዘመኔ እንደነሱ ያለ አላየሁም። አሜሪካ ሐሙስ ዲሴምበር 2 አስታወቀች፤ ከሰኞ ዲሴምበር 6 ጀምሮ የተከተበም ያልተከተበም ናሙናው ከመነሻው በፊት ባለው 1 ቀን ውስጥ ይሁን አለች። እንግሊዝ ለተከተቡ ሰዎች በኦክቶበር የተወችውን የቅድመ ጉዞ ምርመራ ቅዳሜ ዲሴምበር 4 መልሳ አወጀች፤ ማክሰኞ ሥራ ላይ ዋለ።

ሳይንሱን እቀበላለሁ። ምርመራ የሚናገረው ናሙናው ስለተወሰደበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዛሬ ነጻ የተባለ ሰው ነገ ሊታይበት ይችላል። ኦሚክሮን ከቀደሙት ይልቅ በሰውነት ውስጥ ቶሎ የሚነሣ ስለነበር የሦስት ቀን ወረቀት የሚናገረው ነገር አንሶ ነበር። ጊዜውን ማሳጠሩ ትክክል ነው። ግን ሐሙስ የወጣ ደንብ ለሰኞ ሲሆን፣ በመካከል ያለው ሰው በቀድሞው ደንብ ተመርምሮ ሻንጣውን ዘግቶ ተቀምጧል።

ባልና ሚስት ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር ሰኞ ማታ ነበር ወደ አሜሪካ የሚነሡት። ዓርብ ተመርምረዋል፤ በነበረው ደንብ ያለ አንዳች እንከን። ቅዳሜ ጠዋት ስደውልላቸው አባትየው መጀመሪያ አላመነኝም። ሲገባው ድምፁ ወረደ። "ትናንት አልቅሶ የተመረመረን ልጅ ዛሬ ምን ብዬ ልመልሰው?" አለኝ። አሜሪካ ልጅን ከምርመራ ነጻ የምታደርገው ከ2 ዓመት በታች ሲሆን ነበር፤ በካናዳ ቢሆን ከ5 በታች ስለሆነ አይመረመርም ነበር፣ እንግሊዝ ደግሞ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ምርመራውን ስትጀምር ከ11 በታች ያሉትን ትታ ነበር። ይህን ለአባት ምን ብለው ያስረዱታል? ደግነቱ አንቲጂን ይበቃ ስለነበር እሑድ የሚመረምር ቦታ ፈልገን ሦስቱም እንደገና ሄዱ። ልጁን እናቱ አቅፋ ያዘችው፣ መርማሪዋ ዘፈን እየዘፈነችለት ከአፍንጫው ወሰደች። ሰኞ ማታ በረሩ። እነሱ ስልካቸው ክፍት ነበርና ደረስኩላቸው። ከቤቱ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ያለውን፣ ኢሜይሉን የማያየውን፣ ትኬቱን ሌላ ሰው የቆረጠለትን ማን ይንገረው?

ለውጡ የሚጀምርበት ሰዓት እንኳ የራሱ ችግር ነበረው። የአሜሪካው የሚጀምረው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት 1 ደቂቃ ሲያልፍ ነው። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ከምሥራቅ አፍሪካ ወይም ከእስያ የሚነሣ አውሮፕላን በዋሽንግተን ገና እሑድ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሰኞ ተሳፋሪ በአሮጌው ደንብ፣ ሌላው ሰኞ ተሳፋሪ በአዲሱ ይታያል። ቅዳሜንና እሑድን የሰዓት ልዩነት እያሰላሁ ነው ያሳለፍኳቸው።

ኤርፖርት ላይ ቼክ ኢን ስለሚሠሩት ልጆችም አንድ ቃል ልናገር፤ ብዙ ስድብ የወረደው በነሱ ላይ ነውና። ወረቀቱን ማረጋገጥ በሕግ የተጣለው በአየር መንገዶች ላይ ነበር። የማይሟላ ሰው ካሳፈሩ ኃላፊነቱ የነሱ ነው። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሚያነበው ታይማቲክ የሚባለውን የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የመረጃ ቋት ነው፤ ከኪሱ አያወጣም። የመንግሥቱ ድረ ገጽና ታይማቲኩ ሳይገናኙ የሚቆዩበት ሰዓት ነበር፤ በተለይ ደንቡ በተለወጠ ማግስት። ለዚህ ነው ደንበኞቼን የመንግሥቱን ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አትማችሁ ያዙ፣ አይሆንም ከተባላችሁም አትጩኹ፣ "እባክህ ወንድሜ፣ ታይማቲኩን እንደገና ክፈትልኝ" በሉ የምላቸው። በጨዋነት የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘር ይጠራለታል።

ደንቦቹ የሄዱትም እንደ መጡት ነው፣ አንድ በአንድ፣ በየራሳቸው ቀን። እንግሊዝ የዲሴምበሩን ደንብ በጃንዋሪ 7፣ 2022 አነሣች፤ ልክ አንድ ወር ቆይቶ ማለት ነው፤ የቀሩትን የመግቢያ ደንቦች ሁሉ ማርች 18 ተወች። ካናዳ ለተከተቡ ሰዎች ኤፕሪል 1 አቆመች፣ ለሁሉም ደግሞ ኦክቶበር 1። አሜሪካ ጁን 10 አስታውቃ ጁን 12 ምርመራውን ተወች። አለቀ ብለን ስንቀመጥ ከጃንዋሪ 5፣ 2023 እስከ ማርች 10 ድረስ ከቻይና፣ ከሆንግ ኮንግና ከማካው ለሚነሡ መንገደኞች አሜሪካ እንደገና መለሰችው፤ ባለፉት 10 ቀናት ቻይና ቆይቶ በደቡብ ኮሪያው ኢንቾን፣ በቶሮንቶ ወይም በቫንኩቨር በኩል የሚገባውንም ጨምራ። ቻይና ራሷ ለመግቢያ ምርመራ መጠየቅ ያቆመችው ኦገስት 30፣ 2023 ነው። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ የአገሮቹን ደንብ የምጽፍበት ሰንጠረዥ ነበር፤ በየአገሩ ፊት ለፊት የመጨረሻ ያየሁበትን ቀን እጽፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ዘመን ተመልሶ አይምጣ። ከመጣ ግን ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ሦስት ነገር እንዲጽፉልን እፈልጋለሁ። ቆጠራው ከናሙናው ጀምሮ እስከ የትኛው በረራ እንደሆነ ይጻፍ፤ ደንቡ የሚጀምርበት ሰዓት በተነሣንበት ኤርፖርት ሰዓት ይጻፍ፤ ደንቡ ሲለወጥ ደግሞ ከማስታወቂያው በፊት በነበረው ደንብ ተመርምሮ የተገኘ ሰው ወረቀቱ ቀኑ እስኪያልፍ ያገለግለው የምትል አንድ መስመር ትጨመር። ይህች መስመር ብትኖር የአራት ዓመቱ ልጅ እሑድ ዕለት ተመልሶ አይመረመርም ነበር፤ የዓርቡ ወረቀት ሁሉን ነገር ባይናገርም፣ ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው ሊመረመር ይችል ነበር።